ሁለት በሦስት

ዓርብ ማታ በስልክ፣ ቅዳሜ ታቀደች፤
ገና ሳትነጋ፣ በሰው እጅ ወደቀች።
ናሁሠናይ ደውሎ፣ "ቢሾፍቱ ነው" አለ፤
"ዓሣው አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ነዳጅ ነው የጎደለ።"
ትርሲት ከወጥ ቤት ሆና፣ "ልቅሶስ?" ብላ ጠየቀች፣
"የዘርትሁን አክስት፣ ማክሰኞ'ኮ አረፈች።"
ኬብሮን ሹሩባዋን፣ ልትሠራ ቀጥራለች፤
አልጋዬም በበኩሏ፣ በዐይኗ ጠርታኛለች።

ብቻ በሁሉ መሃል፣ አንድ ነገር አለ፣
ከሰኔ ጀምሮ፣ "ዛሬ ነገ" የተባለ፤
ከመስኮቴ በታች፣ ምድር ቤት በመሆኔ
የደረሰኝ መሬት፣ ሁለት በሦስት፣ የኔ።
(የኔ ማለት እንኳን፣ ካርታው አያውቀውም፤
በቆርቆሮ አጠርኩት፣ ማንም አልነቀለውም።)

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቧንቧው አንኮራፋ፤
ሳል ሳል አደረገው፣ አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣
ከዚያ
ውሃ።
በዘጠኝ ቀኑ ውሃ!
ጄሪካን፣ ሳፋ፣ ድስት፣ ፔርሙዝም ሳይቀር
ሞልተን ስናበቃ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሰማዩ ሲጠር፣
ቢሾፍቱ ርቃ ነበር።
ለናሁሠናይ ደውዬ፣ "ውሃ መጣ" አልኩት፤
"እኛም ጋ መጥቷል" አለ፣ ሲስቅ ሰማሁት።

ዶማ ከጎረቤት፣ አካፋ ከጥበቃ፣
ወረድኩ ወደ መሬቴ፣ ሰበብ ሁሉ ሲያበቃ።
መስከረም ስለሆነ፣ አረሙ ወገብ ያህላል፤
ቆስጣው ላይ ቀንድ አውጣ፣ እየዞረ ፈርሟል፤
በሶብላው ለብቻው፣ ማንም ሳይተክለው
በጎረቤት ወሬ፣ ነው መሰል የበቀለው።
አፈሩ መረሬ ነው። ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፣
ሲርስ ደግሞ ጫማ፣ ከእግር ላይ ይነጥቃል፤
ሁለት ጊዜ ቦቲዬን፣ አንድ ጊዜ ክብሬን
ጥዬለት ወጣሁ፤ ትርሲት በመስኮት ሳቀች።
"ለድንች ነው" እያልኩ፣ ቆፈርኩ፣ ቆፈርኩ።
የወገቤን ነገር፣ ሰኞ ቢሮ ይጠየቅ።

ጥጉ ጋ ዶማው ጮኸ።
ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ብረት፤
ዝገት የበላው፣ ጫፉ የዶለዶመ፣
ማረሻ።

ጋሽ ቱፋ አካፋውን፣ ሊወስድ መጥቶ አየው።
በጥበቃ ካፖርቱ፣ ቀስ ብሎ ጠረገው፤
ገለበጠው፣ መዘነው፣ በአውራ ጣት ዳሰሰው፤
"ላስሞርደው ነበር'ኮ" አለ፣ "የዚያን ዓመት።"
የትኛውን ዓመት ብዬ አልጠየቅሁም።
ብሎኩ ግንባር ላይ፣ በቀለም ተጽፏል።

"መኝታ ቤታችሁ ጤፍ ነው" አለ፣ "ወጥ ቤቱ ሽምብራ፤
ሊፍት የሚሉት ጉድጓድ፣ እዚያ ጥጃ ነበር የሚታሰር።
ድንቹን ተወው ልጄ፣ መረሬ ድንች አይወድም።
መስከረም ሳያልቅ፣ ሽምብራ ጣልበት።"
"ማረሻው ያንተ ነው፣ ውሰደው" አልኩት።
ሳቀ።
"የት ላርስበት?"

ከዚያ ዶማውን ተቀብሎ፣ ፈር አወጣልኝ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በገመድ የተለካ የሚመስል፤
ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ግን፣ ገላው አልቆመለትም፤
በሬ እንደሚመልስ ሰው፣ ምላሱን አጮኸ፣
ዞር ብሎ አየኝ፣ አፈረ፣
ጉሮሮውን ጠራረገ።

ከሰዓት ልቅሶ ደረስን። ጥፍሬ ውስጥ መረሬ፣
ንፍሮው ሲዞር ዘገንኩ፤
ከስንዴው፣ ከባቄላው መሃል
ሽምብራዋን ለይቼ፣ መዳፌ ላይ ትንሽ አቆየኋት።
ኬብሮን በአዲስ ሹሩባዋ
"አባዬ፣ ብላ እንጂ" አለችኝ።

እሑድ ከዕድር ስብሰባ፣ ከቅጣት ተርፌ ስወጣ
ናሁሠናይ ደወለ፦ "መጪው ቅዳሜስ? ውሃ ባይመጣ?"
"እዘራለሁ" አልኩት።
"መሬትህ ላይ?" አለ፣ እየቀለደ።

ዝም አልኩ ትንሽ። ማረሻው መስኮት ደፉ ላይ ነው።
"ከመስኮቴ ሥር" አልኩት።